ገብስ ውስጥ ያለው ሲናር ስንት ዝርያ ነው? ክሮሞሶምና ዲኤንኤ ይለዩልናል?

መምህር ከመሐል ሜዳ

ሰላም ለዚህ ቤት። መንዝ ውስጥ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ስለሆነ ታገሱኝ።

ሲናር የምንለው የአጃ ዘመድ ነው፤ እኛ አካባቢ ገብስ ያለ ሲናር አይታወቅም። ከገብሱ ጋር ይበቅላል፣ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ከገብሱ ጋር ይወቃል። ቆሎው ውስጥ አለ፣ እንጀራው ውስጥ አለ፣ ጠላው ውስጥም አለ። ብዙው ገበሬ እንደ ጠላት አያየውም።

ነገር ግን ገበሬዎቹ ራሳቸው ይለያዩታል። አንደኛው ፍሬውን ይዞ አውድማ ድረስ ይመጣል። ሌላኛው ገና ሳይታጨድ ይረግፋል። ጢሙ ጠቆር ያለና የተጠማዘዘ ነው፤ ልብስ ላይ ከተሰካ አይለቅም። በዚህ ላይ ለከብት መኖ ተብሎ የመጣው አጃ አለ። እሱ ደግሞ ከተዘራበት አልፎ በየማሳው ዳርና በየቦዩ መብቀል ጀምሯል።

ከተማሪዎቼ ጋር ቁመት ለካን፣ ቅጠል ለካን፣ የዘለላውን ቅርጽ ሳልን። ውኃ ያገኘው ይረዝማል፣ ጭንጫ ላይ የወጣው ያጥራል። በዚህ መንገድ የሚለይ ነገር አላገኘንም። የክሮሞሶም ቁጥርና የዲኤንኤ ማስረጃ እዚህ ላይ ይረዳል ወይ? በእርግጥ ስንት ዝርያ ነው ያለን?

ማይክሮስኮፕ

መምህር፣ እንዴት ያለ ደስ የሚል ጥያቄ ነው ያመጡት! እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። የዕፅዋት ክሮሞሶም ማየት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

የአጃ ወገን በሳይንሳዊ ስሙ አቬና ይባላል። በዚህ ወገን የክሮሞሶም ቁጥር የሚሄደው በ7 ብዜት ነው። 14 ያላቸው አሉ፣ 28 ያላቸው አሉ፣ 42 ያላቸው አሉ። አውድማ የሚደርሰው የእኛ ሲናር አቬና አቢሲኒካ ነው፤ 28 ክሮሞሶም አለው። የመኖ አጃው አቬና ሳቲቫ ነው፤ 42 አለው። ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ዲኤንኤ ማንበብ እንኳ አያስፈልግም። የሥር ጫፍ ወስዶ መቁጠር ይበቃል።

የሚረግፈው ግን ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው አቬና ቫቪሎቪያና ነው። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ ሰብሎቻችንን ለሰበሰበው ሩሲያዊ ሳይንቲስት ለኒኮላይ ቫቪሎቭ መታሰቢያ ነው። ይህ 28 ክሮሞሶም አለው። ሁለተኛው አቬና ፋቱዋ ነው። በዓለም ዙሪያ የስንዴ ማሳ የሚያስቸግረው የዱር አጃ እሱ ነው፤ 42 አለው። ሁለቱም ይረግፋሉ፣ ሁለቱም ጢማቸው ይጠማዘዛል። ማሳ ላይ ቆሞ ላየ ሰው ይመሳሰላሉ። ማይክሮስኮፕ ስር ግን አንዱ ከሌላው በ14 ክሮሞሶም ይበልጣል። እንዲህ ያለ ግልጽ ልዩነት ሁልጊዜ አይገኝም።

ሌንስ ካላችሁ ከክሮሞሶሙ በፊት የፍሬውን ቅርፊት ጫፍ እዩ። ቫቪሎቪያና ጫፉ ላይ ሁለት አጫጭር እሾህ መሰል ነገሮች አሉት። ፋቱዋ ጫፉ ትንሽ ተሰንጥቆ ይቀራል እንጂ እንደዚያ አይሾልም። ጀማሪ ሰው ይህን ሊስተው ይችላል፤ ቆጠራው ያረጋግጥለታል።

የጁሩ ልጅ

ይህ ነገር ለእኛ ለስንዴዎቹ አዲስ አይደለም። እነዋሪ ጥቁር አፈር ላይ የሚበቅለው የድሮው ስንዴያችን 28 ክሮሞሶም ነው። ከምርምር የመጣው የዳቦ ስንዴ 42። ጃፓናዊው ሳካሙራ የስንዴ ቁጥሮች 14፣ 28 እና 42 መሆናቸውን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። መቶ ዓመት አለፈው ማለት ነው።

እኔ የምለው፣ ቁጥር እያለ ምን ያከራክራል? ቁጠሩና ጨርሱ። ቁጥሩ ከተለያየ ሁለት ዝርያ ነው፣ አንድ ከሆነ አንድ ዝርያ ነው።

ማይክሮስኮፕ

የጁሩ ልጅ፣ የመጀመሪያው ግማሽ በአብዛኛው ይሠራል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ ዝርያ ነው ማለት አይቻልም።

ከደብረ ብርሃን ሳንወጣ ምሳሌ ልስጥህ። ነጭ ባሕር ዛፍና ቀይ ባሕር ዛፍ ማንም ልጅ ይለያቸዋል። የሁለቱም ቁጥር 22 ነው። የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ከ700 በላይ ናቸው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም 22 ናቸው። እዚያ ቤት ቁጥር ምንም አይነግርህም።

ባቄላን ደግሞ ተመልከት። ባቄላ 12 ክሮሞሶም አለው። ቪሲያ ሳቲቫ የሚባለው የመኖ ዘመዱም 12 አለው። ሁለቱ ግን አይዳቀሉም። ክሮሞሶማቸውን ስታየውም መጠኑ ሌላ ነው። የባቄላ ክሮሞሶም በጣም ግዙፍ ነው፣ አንዱ ጥንድ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል። ስለዚህ ስንቆጥር ስንት እንደሆኑ ብቻ አናይም። ርዝመታቸውን፣ ወገባቸው የት ላይ እንደሆነ፣ ቀለም የሚይዙበትን ቦታ ሁሉ እናያለን።

እንክርዳድም እንዲሁ ነው። 14 አለው። ለግጦሽ የሚዘራው ዘላቂ ዘመዱ ሎሊየም ፔሬኔም 14 አለው። የእንክርዳድ ክሮሞሶም ግን በግልጽ ይተልቃል፣ በውስጡ የያዘው ዲኤንኤም ይበዛል። ቁጥር ብቻ የጻፈ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

ኑግ ነጋዴ

የኑግንም ጨምሩበት። ኑግና የዱር ዘመዱ መጭ ሁለቱም 30 ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክፍሌ ዳኜ የዚህን ወገን ክሮሞሶም በቀለም እየለዩ አጥንተዋል። ቁጥሩ በወገኑ ሁሉ 30 ስለሆነ፣ ዝምድናቸውን ለማወቅ የክሮሞሶሙን ቅርጽና የቀለሙን አያያዝ ማየት ነበረባቸው። ኑግ ከመጭ ጋር ሲዳቀል ፍሬያማ ልጅ ስለሚወልድም ኑግ ከመጭ የወጣ ሰብል ነው የሚለው ሐሳብ ሚዛን ደፍቷል።

ጤፍም ያው ነው። 40 አለው፣ የዱር ዘመዱ ኤራግሮስቲስ ፒሎሳም 40።

መምህር ከመሐል ሜዳ

እህቴ ማይክሮስኮፕ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ጥያቄዬ ጠበበ። የመኖ አጃውን በቁጥር ለየነው። የሚረግፈው 42 ከሆነ ፋቱዋ ነው፣ ይኸም ተለየ። የሚረግፈው 28 ከሆነስ? ያኔ ከማይረግፈው ሲናር ጋር ቁጥሩ አንድ ነው። ሁለት ዝርያ ነው ወይስ አንድ?

ማይክሮስኮፕ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ብዙ የማስብበት ይህንን ነው።

ሲናርና ቫቪሎቪያና ቁጥራቸው ብቻ አይደለም አንድ የሆነው። የጂኖም፣ ማለትም የሙሉ ክሮሞሶም፣ ስብስባቸውም አንድ ነው። በአጃ ሳይንስ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ስብስቦች አሏቸው። ሲዳቀሉ ክሮሞሶሞቻቸው በደንብ ይጣመራሉ፣ ልጃቸውም ይወልዳል። የሜዲትራኒያኑ አቬና ባርባታም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው። እስራኤላዊው ጊዴዎን ላዲዚንስኪ እነዚህን እያዳቀለ አጥንቷል። በእሱ አመለካከት ሦስቱም በሥነ ሕይወት አንድ ዝርያ ናቸው። መርገፍና አለመርገፍ ሰው በአጨዳው የመረጠው ጠባይ ነው ማለት ነው። የተበተነ ፍሬ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ሆኖ ጎተራ አይገባማ።

በሌላ በኩል የዕፅዋት መዝገቦች ለየብቻ ስም ሰጥተዋቸዋል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አጃ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ጎን ለጎን ቢበቅሉም እምብዛም አይደባለቁም። የሚረግፈው የሚረግፍ ይወልዳል፣ የማይረግፈው የማይረግፍ ይወልዳል። ለዘመናት እንዲህ ከቆዩ ገበሬው ሁለት ብሎ ቢጠራቸው ትክክል ነው።

እኔ በበኩሌ የላዲዚንስኪን ወገን ነኝ። ክሮሞሶሞቹ ያለ ችግር ከተጣመሩና ልጁ ከወለደ፣ በመካከላቸው አጥር የለም። መለያው አንድ ጠባይ ብቻ ከሆነ ዝርያ ለማለት ይከብደኛል።

ሰላ ድንጋይ

እኔ በዚህ አልስማማም። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ግብርና ነው የምሠራው።

የሚረግፈው ሲናር ማሳ ያበላሻል። ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆይና በሚቀጥለው ዓመት ይወጣል። የማይረግፈው ከገብሱ ጋር ቤት ይገባል፣ ሰውም ይመገበዋል። አንዱ አረም ነው፣ አንዱ እህል። የኑሮ መንገዳቸው የተለያየ ነው። ዝርያ ማለት መዳቀል መቻል ብቻ ከሆነ ስንቱን የዱርና የማሳ ተክል አንድ ልንለው ነው? ገብስም ከዱር ዘመዱ ጋር ይዳቀላል።

ዲኤንኤው በደንብ ይታይ። ሁለቱ ለረጅም ዘመን ተለያይተው ከኖሩ ዲኤንኤያቸው ውስጥ ምልክት መኖር አለበት።

የጁሩ ልጅ

ሰላ ድንጋይ ጥሩ ተናግሯል። ግን ዲኤንኤ ሲባል የትኛው? አሁን ሁሉም ሰው ባርኮድ ባርኮድ ይላል። እሱ አይበቃም?

ጎመን ዘሪ

ባርኮዱ ላይ እኔ ልግባበት። ጣርማበር አካባቢ ጎመንና ሰናፍጭ የሚዘራ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ባርኮድ ማለት ተክሉን ለመለየት የሚነበብ አጭር የዲኤንኤ ክፍል ነው። የዕፅዋት ባርኮድ ተብለው እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፍ ደረጃ የተመረጡት ሁለት ጂኖች ናቸው። አርቢሲኤል እና ማትኬ። ሁለቱም የሚገኙት ቅጠሉን አረንጓዴ በሚያደርገው የሴል ክፍል፣ በክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። ወገንና ቤተሰብ ለመለየት ግሩም ናቸው። በቅርብ ዘመዳሞች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ልዩነት አያሳዩም፣ ምክንያቱም ቀስ ብለው ነው የሚለወጡት። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነገር አለ። አበባ በሚያወጡ ዕፅዋት ክሎሮፕላስት በአብዛኛው የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። አባትየው አይታይም።

የሐበሻ ጎመናችንን እንይ። ጎመን ዘር የምንለው ብራሲካ ካሪናታ 34 ክሮሞሶም አለው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ሰናፍጭ 16 አለው። ጥቅል ጎመን ያለበት ዝርያ ብራሲካ ኦለራሲያ 18 አለው። ሁለቱ ድሮ ተዳቀሉ፣ የልጁም ክሮሞሶም እጥፍ ሆነ፤ 16 እና 18 ሲደመር 34። ይህን ዝምድና አሟልቶ ያሳየው በጃፓን ይሠራ የነበረው ኮሪያዊ ተወላጅ ዎ ጃንግቹን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1935። በዚያው ሥራው ዘይት የሚጨመቅበት ካኖላ 38፣ የሕንዱ ሰናፍጭ 36 የሆኑበትን ምክንያትም አስረድቷል። ሦስት ወላጆች፣ ሦስት ልጆች። ሳነበው ሁሌም ይገርመኛል። ማይክሮስኮፕ፣ እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ይዞ ነው የሠራው።

እንግዲህ የጎመን ዘርን ቅጠል ወስዳችሁ ባርኮዱን ብታነቡት ምን ታገኛላችሁ? ባርኮዱ ሰናፍጭ ነው ይላችኋል፣ እናትየው ሰናፍጭ ናትና። የጥቅል ጎመኑ ግማሽ ጭራሽ አይታይም። በክሎሮፕላስት ብቻ የሚፈርድ ሰው የእናቴን የጓሮ ጎመን ሰናፍጭ ነው ሊላት ነው። ክሮሞሶም ቢቆጥር ግን 34 ያገኛል፤ ሰናፍጭ 16 ነው፣ ነገሩ ወዲያው ይገለጣል።

ስለዚህ ለሲናሩም ክሎሮፕላስት ብቻ አትመልከቱ። ክሮሞሶሞቹ ካሉበት የሴሉ እምብርት፣ ከኒውክለስ፣ የሚወሰድ ዲኤንኤ ያስፈልጋል።

ማይክሮስኮፕ

ጎመን ዘሪ፣ እጅህን ይባርከው። ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም።

ለሲናሩ እኔ የምመርጠው በኒውክለሱ ውስጥ በየቦታው የተበተኑ አጫጭር ተደጋጋሚ ምልክቶችን ነው። በብዙ ተክል ላይ፣ በብዙ ማሳ ላይ ማየት ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሰላ ድንጋይ፣ ከአንኮበር፣ ከጫጫ። የሚረግፉት ሁሉ አንድ ላይ ከተሰበሰቡ፣ የማይረግፉት ሁሉ ሌላ ቦታ ከተሰበሰቡ፣ የሰላ ድንጋይ ሐሳብ ይጠነክራል። የመሐል ሜዳው የሚረግፍ ከመሐል ሜዳው የማይረግፍ ጋር ከገጠመ፣ የአንኮበሩም ከአንኮበሩ ከገጠመ፣ ያኔ አንድ ዝርያ ነው፤ በየአካባቢው እየተለዋወጠ ይኖራል ማለት ነው። በዚህ መልኩ የተጠየቀ ጥያቄ መልስ አለው።

ከአንድ ማሳ አንድ ተክል፣ ከሌላ ማሳ አንድ ተክል ወስዶ ተለያዩ ማለት ግን ዋጋ የለውም። አገርና አገር ስለተራራቀ ብቻ ይለያያሉ።

ዲያስፖራው

ከጀርመን ነኝ፣ የደነባ ልጅ። የምማርበት ቤት ማሽኑ አለ። መምህር፣ ዘሩን በፖስታ ይላኩልኝ፣ ሁሉንም እኔ አነብልዎታለሁ። ወጪውን አያስቡ።

ሰላ ድንጋይ

ወንድሜ ሐሳብህ ቅን ነው፣ ግን እንዲህ በፖስታ አይላክም። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ አለን፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998። ከአገር የሚወጣ ዘርና ቅጠል የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለምርምርም ቢሆን።

ይህ ቢሮክራሲ ብቻ አይደለም። ሲናርን ያቆየው የመንዝና የተጉለት ገበሬ ነው። የሚገኝ ጥቅም ቢኖር ድርሻው መታወቅ አለበት። ፈቃዱን ከመምህር ተቋም ጋር በጋራ ጠይቁ፣ ከዚያ ላኩ።

ዲያስፖራው

ገባኝ፣ በዚያ መንገድ እንሂድ። ከእኔ በኩል የሚያስፈልገውን ደብዳቤ አዘጋጃለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ሲናር ይህን ያህል ጥቅም አለው ወይ? አረም ነው ሲሉ ነው የምሰማው።

ማይክሮስኮፕ

ይኸው አንድ ምሳሌ። የሲናር ዘመድ በሆነው በአቬና ባርባታ ውስጥ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት መስሎ የሚወጣውን ሻጋታ የሚቋቋም ጂን ተገኝቷል። በዌልስ የነበሩ አዳቃዮች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ጂን ወደ እርሻው አጃ፣ ማለትም ወደ አቬና ሳቲቫ፣ አስገብተውታል። ለምን ከባድ እንደነበር ስንረዳ የክሮሞሶም ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልገን ይገባናል።

ባርባታ 28 ነው፣ የእርሻው አጃ 42። ሲዳቀሉ ልጁ ከአንዱ 14፣ ከሌላው 21 ይወስዳል፤ 35 ይሆናል። ብናኝና እንቁላል በሚፈጠርበት ጊዜ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ጥንዱን ይፈልጋል። እዚህ ግን ብዙዎቹ ቀንበር ላይ ጓደኛ እንዳጣ በሬ ብቻቸውን ይቆማሉ። ልጁም በአብዛኛው መካን ይሆናል። ባርባታ ኤ እና ቢ አለው፤ የእርሻው አጃ ኤ፣ ሲ እና ዲ። የሚፈለገው ጂን የተቀመጠበት የባርባታ ክሮሞሶም ከእርሻው አጃ ክሮሞሶም ጋር ተጣምሮ ቁራጭ አይለዋወጥም። ስለዚህ አዳቃዮቹ በጨረር ክሮሞሶሙን ሰብረው ቁራጩን ማዛወር ነበረባቸው።

ሲናር 28 መሆኑን የማያውቅ አዳቃይ በቀጥታ ከመኖ አጃ ጋር አዳቅሎ ፍሬ ሲጠብቅ ይኖራል። ማሳ ላይ ያለው የሚረግፍ አጃ 42 ከሆነ ግን ከመኖ አጃው ጋር በቀላሉ ይዳቀላል፤ የመኖውም ጠባይ ወደ አረሙ፣ የአረሙም ወደ መኖው ይገባል። መኖ አጃ ለሚያስፋፋ ባለሙያ ይህን ማወቅ ግዴታ ይመስለኛል። ዙሪያው ያለው የዱር አጃ 28 ነው 42? ከዚህ ጥያቄ ሳይነሱ ዘር ማከፋፈል ትክክል አይደለም እላለሁ።

ሰላ ድንጋይ

ይህን በትልቁ ጽፌ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው። እኛ ጋ መኖ አጃ ሲታደል ስለዚህ የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

መምህር ከመሐል ሜዳ

እሺ፣ እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አለው፣ ዘይት የሚፈልገው ሌንስም አለው። ቆጠራውን ከተማሪዎቼ ጋር እንዴት እንጀምር?

ማይክሮስኮፕ

ዘሩን እርጥብ ወረቀት ላይ ያብቅሉት። ሥሩ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጠዋት ላይ ጫፉን ይቁረጡ። ኮልቺሲን የሚባለውን ኬሚካል ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳትነኩት፣ መርዝ ነው። ለእህል ዘሮች በረዶ ውኃ ይበቃል። ሥሩን በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ያቆዩት። ቅዝቃዜው ሴሉ ሊከፈል ሲል ክሮሞሶሞቹ ባሉበት እንዲቆሙ ያደርጋል፣ አጥረውም ይታያሉ።

ከዚያ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ ግላሻል አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት ውስጥ ያሳድሩት። አሲዱን እርስዎ ይያዙት፣ መስኮት ይከፈት፣ ተማሪዎቹ ጓንት ያድርጉ። ቀጥሎ በሙቅ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለጥቂት ደቂቃ ማለስለስ ያስፈልጋል፤ ያንን እዚህ እኛ ጋ መጥታችሁ ብትሠሩት እመርጣለሁ። ከለሰለሰ በኋላ አሴቶካርሚን የሚባለውን ቀይ ቀለም ጠብ አድርጎ፣ ስስ መስታወቱን ከላይ ጥሎ፣ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጎ መጫን ነው። ወደ ጎን ከተንሸራተተ ክሮሞሶሞቹ ይበታተኑና ቆጠራው ይበላሻል።

በአንድ ሴል ላይ ተመሥርታችሁ ቁጥር አትጻፉ። 28 ተደራርቦ 26 ሊመስል ይችላል። በደንብ የተዘረጉ ብዙ ሴሎችን ቁጠሩ፣ ከአንድ በላይ ተክል ቁጠሩ። እየሳላችሁ ቁጠሩ። ፎቶም አንሱ።

ተማሪ ነኝ

ሰላም፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ሞላሌ። እኛ ጋ ያ ሌንስ የለም። የምንችለው ነገር ይኖራል?

ጎመን ዘሪ

አለ እህቴ። የጥፍር ቀለም አለሽ? ቀለም የሌለውን፣ የሚያብረቀርቀውን ብቻ። የቅጠሉን ጀርባ በስሱ ቀቢው። ሲደርቅ በግልጽ ፕላስተር ልጠፊና አንሺው፣ መስታወት ላይ ለጥፈሽ በተራው ማይክሮስኮፕ እዪው። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ታትመው ታገኛቸዋለሽ። ክሮሞሶሙ የበዛ ዝርያ ቀዳዳው በአብዛኛው ይረዝማል። የ28ቱንና የ42ቱን አጃ ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ዕድሜ፣ ከላይ ሲቆጠር ከተመሳሳይ ቅጠል ወስደሽ ለኪ። ብዙ ቀዳዳ ለክተሽ አማካዩን አውጪ።

ይህ ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ውኃና ፀሐይም መጠኑን ይለውጡታል። የትኛው ተክል መጀመሪያ መቆጠር እንዳለበት ግን ይጠቁምሻል፣ ያ ደግሞ ብዙ ድካም ያቀላል።

ተማሪ ነኝ

በጣም አመሰግናለሁ! ነገ ከጓደኞቼ ጋር እንጀምራለን።

የጁሩ ልጅ

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ማይክሮስኮፕ። 42 የሆነ አጃ ተገኘ እንበል። ውስጡ ሲ የሚባለው ስብስብ መኖሩ በዓይን ይታያል? ወይስ የምናምነው ከመጽሐፍ ነው?

ማይክሮስኮፕ

ይታያል፣ ይህ ደግሞ ከምንም በላይ የምወደው ክፍል ነው። ሲ የሚባለው ስብስብ ክሮሞሶሞች ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ይበዛባቸዋል። በተለየ ቀለም ሲቀቡ ከሌሎቹ ይልቅ ጠቁረው ይወጣሉ። ሌላም መንገድ አለ። ሲ ብቻ ካለው ባለ 14 ክሮሞሶም የዱር አጃ ዲኤንኤ ይወሰድና የሚያበራ ቀለም ይያያዝበታል። ያ ዲኤንኤ በ42ቱ ክሮሞሶሞች ላይ ሲፈስ የሲን 14 ክሮሞሶሞች ፈልጎ ይይዛል። ጨለማ ውስጥ 14ቱ አብርተው ይታያሉ፣ 28ቱ ደብዝዘው ይቀራሉ። በመካከላቸው ቁራጭ የተለዋወጡ ካሉም ግማሹ በርቶ ግማሹ ደብዝዞ ታየዋለህ።

ሲናር ላይ ይህንኑ ብትሠራ የሚበራ አታገኝም፣ ሲ የለውምና። የሲናር ኤ እና ቢ ግን በጣም ስለሚቀራረቡ በዚህ ዘዴ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። የእርሻው አጃ ሙሉ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል፤ ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ያለው ንጽጽር የሚጠቅም መሠረት አለን።

መምህር ከመሐል ሜዳ

ወዳጆቼ፣ ከጠየቅኩት በላይ አገኘሁ። ከአጨዳው በፊት ከገበሬዎቹ ጋር ማሳ እንገባለን። የሚረግፈውን እነሱ ራሳቸው እንዲያሳዩን ነው የምፈልገው። ናሙናው እንዴት ይያዝ?

ማይክሮስኮፕ

ለእያንዳንዱ ተክል አንድ ቁጥር ስጡ። በዚያው ቁጥር ሦስት ነገር ይያዝ። ዘሩ በወረቀት ፖስታ፣ ለቆጠራ። ወጣት ቅጠሉ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ፣ ለዲኤንኤ። ሙሉው ተክል ከነሥሩና ከነዘለላው በጋዜጣ መካከል ተጭኖ የደረቀ። ዘለላው ሳይረግፍ መያዝ አለበት፣ ለሚረግፈው ገና አረንጓዴ እያለ ሂዱ። ላስቲክ ውስጥ አታስገቡ፣ ይሻግታል።

የደረቀውን አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ስጡ። ቁጥሩና ዲኤንኤው የደረቀ ናሙና ከሌለው ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ማረጋገጥ አይችልም። የቀበሌውን ስም፣ ከፍታውን፣ አብሮ የተዘራውን እህል፣ ገበሬው የሚጠራበትን ስምና የሰጠውን ምክንያት በጥንቃቄ ጻፉ።

ሰላ ድንጋይ

እኔ ከሰላ ድንጋይ በኩል በዚያው አሠራር እሰበስባለሁ። የሚረግፍና የማይረግፍ ከአንድ ማሳ ጥንድ ጥንድ አድርጌ። ክርክራችን በዚያ ይለይለት።

ማይክሮስኮፕ

ጥንድ ጥንዱ በጣም ጥሩ ነው፣ ሁላችሁም እንዲሁ አድርጉ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለመምህር። ስትቆጥሩ 28ም 42ም ያልሆነ ቁጥር፣ በተለይ 35 ካገኛችሁ፣ ያንን ቡቃያ አትጣሉት። ማሰሮ ውስጥ ተክላችሁ አሳድጉት። አበባው ሊከፈት ሲል ብናኙን አውጥታችሁ በአሴቶካርሚን ቀቡት። ሙሉ ሆኖ ቀዩን ቀለም የያዘው ደህና ነው። ተጨማድዶ ቀለም ያልያዘው የሞተ ነው። አብዛኛው ባዶ ከሆነ በእጃችሁ ያለው የ28ቱና የ42ቱ ዲቃላ ነው ማለት ነው፣ ወዲያው ደውሉልኝ።

መምህር ከመሐል ሜዳ

እሺ እህቴ። ሲሊካ ጄሉን ከየት እንደምናገኝ ብቻ በውስጥ መልእክት ንገሪኝ።